ቆሻሻ የሚሆነው ሲቀላቀል ነው

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቆሻሻ ነው። ስለ ቆሻሻ ለመነጋገር ይኸን ሁሉ ሰው መሰብሰብ ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከየቤታችን በየቀኑ የሚወጣውና ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያነታርከው ይኸው ቆሻሻ ስለሆነ፣ ጊዜ ወስደን ብንመክርበት የሚያሳፍር አይደለም።

እንደምታስታውሱት ከመስቀል በኋላ ባደረግነው ስብሰባ እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን በሦስት እንዲለይ ተስማምተን ነበር። የሚበሰብሰው ለብቻ፣ የሚሸጠው ለብቻ፣ ሰው የሚጎዳው ለብቻ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የኮሚቴው አባላት ሁለት ሁለት እየሆንን በየግቢው ዞረናል። ማድቤት ገብተን አይተናል፤ እናቶችን ጠይቀናል፤ ጋሪ እየገፉ ቆሻሻችንን የሚያነሡትን ሴቶችም አነጋግረናል። ዛሬ የምናቀርበው ያየነውንና የሰማነውን ነው። ማንንም ለመውቀስ ስላይደለ የቤት ቁጥርም ሆነ የሰው ስም አንጠራም።

ያየነው ነገር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጓሮ ያላቸውና ከብት የሚያረቡ ቤቶች ሥራውን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። አንዲት እናት ዘንድ ገብተን ስለ መለየት ማስረዳት ስንጀምር፣ «ልጆቼ፣ እኔ ይኸን የተማርሁት ከእናቴ ነው፤ እናንተ አሁን ስም አወጣችሁለት እንጂ» አሉን። እውነታቸውን ነው። አመዱ ለጓሮ ጎመን፣ አተላው ለላም፣ ልጣጩ ለበግ፣ ጣሳው ለመስፈሪያ ይሆናል። ከእሳቸው ቤት የሚወጣው ቆሻሻ በሳምንት አንዲት ትንሽ ፌስታል አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ጀምረው የተዉ ቤቶች አሉ። በመጀመሪያው ወር ሦስት ዕቃ ደርድረው ነበር። በሁለተኛው ወር አንዱ ዕቃ ለውሃ ተፈለገ፤ ሌላውን ልጆች ወሰዱት፤ በሦስተኛው ወር ሁሉም ነገር ወደ አንድ ማዳበሪያ ተመለሰ። የእነዚህ ቤቶች ችግር የፈቃድ ማጣት አይደለም፤ የቦታና የአስታዋሽ ማጣት ነው።

ሦስተኛ፣ ብዙ ተከራይ ያለባቸው ግቢዎች አሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትም ስድስትም ቤተሰብ ይኖራል፤ የቆሻሻ ዕቃው ግን አንድ ነው። አንዱ ይለያል፤ ሌላው ማታ ጨለማን ተገን አድርጎ ሁሉንም ይደፋበታል። ጠዋት «ማነው?» ሲባል ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል። በእነዚህ ግቢዎች ሥራው ከሁሉም ይልቅ ተበላሽቶ አግኝተነዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአንድ ቤት በአንድ ቀን የሚወጣውን ጉድፍ መሬት ላይ ዘርግተን ብናየው ምን እናገኛለን? ከምድጃ የወጣ አመድ አለ። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ አለ። ጠላ የተጠመቀ እንደሆነ የጌሾና የብቅል አተላ አለ። ቤት የተጠረገበት አፈርና ገለባ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት ሦስት ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የቲማቲም ጣሳ፣ ወረቀትና ፌስታል የሚመጣው። ከሁሉም የሚበዛው ከመሬት የመጣውና ወደ መሬት መመለስ የሚችለው ነው።

አመድ ብቻውን ቢሆን ለጓሮ ነው። ልጣጭ ብቻውን ቢሆን ለከብት ነው። ሃይላንድ ብቻውን ቢሆን ለነጋዴ ነው። ሦስቱን በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ ከትተን የተረፈ ሽሮ ስንደፋበት ግን ለጓሮም፣ ለከብትም፣ ለነጋዴም አይሆንም። ከብቱ ፌስታል ይበላል፤ ነጋዴው የወጥ ቅባት የነካውን ወረቀት አይወስድም፤ ጓሮው ላይ የተደፋው ጠርሙስ የሚቆፍረውን ሰው እግር ይቆርጣል። ስለዚህ ቆሻሻ የሚባለው ነገር ከገበያ ገዝተን ያመጣነው አይደለም፤ ማድቤታችን ውስጥ ስንቀላቅለው የሠራነው ነው። ከተቀላቀለ በኋላ መልሶ መለየት ለማንም ከባድ ነው፤ ከመቀላቀሉ በፊት መለየት ግን የእጅ መዘርጋት ያህል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በዚህ ላይ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ባዶውን የማዳበሪያ ከረጢት ሁላችንም ማዳበሪያ ብለን እንጠራዋለን። አመዱንና ልጣጩን በዚያ ከረጢት ሞልተን፣ ገንዘብ ከፍለን ከቤታችን እናስወጣዋለን። ለምድር ማዳበሪያ የሚሆነውን ነገር በባዶ ማዳበሪያ ከትተን ከጣልን በኋላ፣ ለጓሯችን ማዳበሪያ ፍለጋ እንሄዳለን ማለት ነው።

ለነገሩ ዕቃን መልሶ መጠቀም ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሁላችንም እናውቃለን። ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ጀሪካን ይገዛል። «ልዋጭ!» የሚለው ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳህንና ኩባያ ይሰጣል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ ሙሉ በሙሉ በዚህ ሥራ የቆመ ነው። ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ በርሜል ምድጃ ይሆናል። በየቤታችንም ጣሳ ኩራዝ ሆኖ ስንት ልጅ ተምሮበታል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስንም ተመልከቱት። የትም ወድቆ አይቀርም፤ ለምን ቢባል መያዣ ስላለበት ባለቤቱ ይመልሰዋል። ማንም ስለ ጠርሙስ ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም። ዋጋ ያለው ነገር ጠባቂ አያጣም።

ታዲያ ምን ተለወጠ ያላችሁ እንደሆነ፣ ፌስታልና ሃይላንድ በዙ። ቀድሞ ገበያ የሚሄድ ሰው ዘንቢል ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ባዶ እጁን ሄዶ አምስት ፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል። ጨው ለብቻው በፌስታል፣ በርበሬ ለብቻው በፌስታል፣ ሎሚ ለብቻው በፌስታል ነው። ፌስታል እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ እንደ ብረት አይሸጥም። ነፋስ አጥር ላይ ይሰቅለዋል፤ ጎርፍ ወደ ውሰታ ወንዝ ይወስደዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ክረምቷም ዝናብ የማያጣው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቦዩ በፌስታል ሲደፈን ውሃው የሚገባው ከመንገድ በታች ባሉት ቤቶች ነው። ከላይ ያለው ሰው የጣለው ከታች ያለውን ሰው ፍራሽ ያረጥባል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ሽማግሌ እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ።

ከዚህ የባሰው የከብቶቻችን ነገር ነው። ፋሲካ ደርሶ ቅርጫ ስንገባ ጨጓራው ሲከፈት የተቋጠረ ፌስታል ሲወጣ ያላየ ሰው እዚህ መካከል ያለ አይመስለንም። ላም የወጥ ሽታ የነካውን ፌስታል ከነምግቡ ትውጠዋለች፤ ከሆዷ ግን አይወጣም። ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ መብላት ታቆማለች፤ ወተቷ ይነጥፋል፤ መጨረሻዋም ሞት ነው። ወተት ሸጣ ልጆቿን የምታስተምር እናት አንዲት ላሟን ስታጣ የምታጣው የቤቷን መተዳደሪያ ነው። ይኸ ሁሉ የሚመጣው የተረፈ ምግብ በፌስታል ቋጥሮ ከመጣል ነው። ምግቡ ለብቻው ቢሰጣት ኖሮ ይቀልባት ነበር።

የጋሪ ሠራተኞቹንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። እነዚህ ሴቶች የእኛው እኅቶች ናቸው። አንደኛዋ ማዳበሪያ ስታነሣ ውስጡ የነበረ ምላጭ መዳፏን ሰንጥቋት ለሳምንታት ከሥራ ቀርታለች። የዕለት ሥራ የሚሠራ ሰው ለሳምንታት ቀረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ሌላዋም ያገለገለ መርፌ እንደወጋት አጫውታናለች። «ቆሻሻውስ ይሁን፣ ሥራችን ነው፤ እጃችንን ስንሰድ ምን እንደሚጠብቀን አለማወቃችን ነው የሚያስፈራን» ብለዋል። ሁኔታው ካልተሻሻለ ያልተለየ ቆሻሻ ከሚያወጡ ግቢዎች ማንሣቱን እንደሚያቆሙ ነግረውናል። እኛም ለዚህ መልስ የለንም፤ መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥም ይከለክል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ፣ የፌስታልን ነገር ጠንከር ባለ ክልከላና በገንዘብ ቅጣት አስሮታል። ስለዚህ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ከእንግዲህ የአሮጊት ልማድ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ቆሻሻ ሳይለይ ሲከመር መጨረሻው የት እንደሚደርስ ደግሞ አገር ሁሉ በዓይኑ አይቷል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመር ኖሮ ተራራ አከለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ተራራ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብሔራዊ የኀዘን ቀናትም ታወጁ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በቦታው ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ሰዎች፣ ሌላው የጣለውን እየለቀሙ፣ ፕላስቲኩንና ብረቱን እየለዩ የሚሸጡ ነበሩ። እኛ በማድቤታችን በደቂቃ ልንሠራው የምንችለውን ሥራ እነሱ በዚያ ክምር ላይ ሕይወታቸውን አስይዘው ይሠሩት ነበር።

የከተማችን ክምር የቆሼን ያህል አይደለም። ይሁን እንጂ ቆሼም በአንድ ቀን ቆሼ አልሆነም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በየቤቱ የሚያስፈልገው ሦስት ዕቃ ነው። አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አሮጌ ማዳበሪያና ክዳን ያለው ጣሳ ይበቃል።

ሀ. በተሰነጠቀው ባልዲ የሚበሰብሰው ይገባል። ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጎመን ግንድ፣ የቤት ጥራጊ ማለት ነው። ከብት ያለው ለከብቱ የሚሆነውን አስቀድሞ ያነሣል። ባልዲው ከማድቤት በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ራቅ ካለ ማንም አይሄድለትም። አመድ ግን ለብቻው ይሁን፤ ፍሙ መጥፋቱን ሳናረጋግጥ ከሌላ ነገር ጋር አንደባልቀው። በትኩስ አመድ ማዳበሪያ ተቃጥሎ አጥር የነደደበት ቤት አለ።

ለ. በማዳበሪያው ውስጥ የሚሸጠው ይገባል። ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ንጹሕ ወረቀትና ካርቶን ነው። ሃይላንዱ ክዳኑ ይከፈት፣ ውሃው ይፍሰስ፣ በእግር ይረገጥ። ይኸን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ኪሎ ለመሙላት ትናንሾቹ ሃይላንዶች ከ50 በላይ ያስፈልጋሉ። ከእኛ ከተማ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። ያልተረገጠ ሃይላንድ የጫነ መኪና የጫነው አየር ነው። ነጋዴው ለአየር ነዳጅ አይከፍልም፤ ስለዚህ ወይ ዋጋ ይቀንሳል ወይ ይተወዋል። የተረገጠው ግን በአንድ ማዳበሪያ ብዙ ይይዛል፤ መኪና በማይመጣበት ጊዜም ቦታ ሳይፈጅ ይጠብቃል።

ሐ. ክዳን ባለው ጣሳ ሰው የሚጎዳው ይገባል። ምላጭ፣ መርፌ፣ የተሰበረ ብርጭቆና ባትሪ ድንጋይ ነው። ጣሳው ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ለጋሪ ሠራተኞች ሲሰጥም በእጅ ተይዞ፣ ተነግሮ ይሰጥ። የተባይና የአረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ለውሃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አይሆንም። አጥበነዋል ብላችሁ አትታለሉ፤ መርዙ በመታጠብ አይለቅም። ቀዳድታችሁ ከጥቅም ውጭ አድርጉትና ለብቻው ስጡ።

ከሦስቱም ውስጥ የማይገባ ነገር ይኖራል። የሕፃናት ዳይፐር፣ የሴቶች ሞዴስ፣ የቆሸሸ ፌስታል የመሳሰለው ነው። ይኸ በደንብ ተጠቅልሎ በጋሪ ይሂድ። ሦስቱን በትክክል የለየ ቤት የሚተርፈው ይኸ ብቻ ነውና ጥቂት ነው። ፌስታልና ጀሪካን ማቃጠል ግን እንዲቀር አጥብቀን እንለምናለን። እሳት ለማያያዝ እየተባለ ምድጃ ውስጥ ሲነድ አይተናል። ጭሱ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚተነፍሱት ደግሞ እንጀራ የምትጋግረው እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን ናቸው።

የሚበሰብሰውን ምን እናድርገው ለምትሉ፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት ነው። በእኛ ደጋ በክረምት ጉድጓድ ቢቆፈር ውሃ ይሞላዋል፤ ስለዚህ በክረምት ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል። ከታች ደረቅ ገለባና ጭራሮ፣ ከላዩ ልጣጩና ቅጠሉ፣ ከዚያ ፍግ ወይም አዛባ፣ ከዚያ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ይደረጋል። ይኸው እየተደጋገመ እስከ ወገብ ከፍ ይበል፤ በሣር ወይም በአሮጌ ማዳበሪያ ይሸፈን። አንድ ረጅም እንጨት መካከሉ ላይ ይሰካ። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ሲነቀል የሚሞቅ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይርከፈከፍበት፤ ከረጠበና ከሸተተ ገለባ ይጨመርበት። በየሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። በሦስት በአራት ወር፣ ብርዱ ከጠና ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ጥቁርና እርጥብ አፈር ይመስላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ አይብዛበት። ሥጋና አጥንት ፈጽሞ አይግባ፤ ቀን ውሻ፣ ሌሊት ጅብ ይጠራል።

ይኸ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ ነገር አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ኮምፖስት የማዘጋጀት ሥራ ጀምረው ነበር። ምርቱ ሲመዘን በብዙ ማሳ ላይ በኬሚካል ማዳበሪያ ከተገኘው የሚስተካከል ሆነ፤ የበለጠበትም አለ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። በጎዛምንና በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች መሬቱ አሲዳማ እየሆነ ገበሬው ኖራ እስከ መበተን መድረሱን ታውቃላችሁ። አመድ በባሕርዩ እንደ ኖራ የአሲዱን ኃይል ያበርዳል። እኛ ቦይ ውስጥ የምንደፋው አመድ ለጓሯችን መድኃኒቱ ነበር ማለት ነው።

አሁን በየቤቱ ስንዞር ለቀረቡልን ጥያቄዎች መልስ እንስጥ።

«እኛ ብንለይ ምን ዋጋ አለው፤ መኪናው መልሶ ይቀላቅለው የለም ወይ?» ያሉን ብዙ ናቸው። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ይኸ ነው፤ የምንለየው መኪናው ላይ እንዳይወጣ ነው። የሚበሰብሰው ከግቢያችን አይወጣም። የሚሸጠው በነጋዴ ይሄዳል። መኪናው ላይ የሚወጣው የቀረው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቢቀላቀል የሚያበላሸው ነገር የለም።

«ጓሮ የለንም» የሚሉ ተከራዮች አሉ። ጓሮ የሌለው ጎረቤት ግን አለው። ጎመንና ጌሾ የሚያለሙ እናቶች ልጣጩንም አመዱንም ለመቀበል ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠይቀን አረጋግጠናል። ባልዲውን እስከ በራቸው ማድረስ ብቻ ነው። የጎመን ቅጠል ሲደርስ ባልዲው ባዶውን እንደማይመለስ እኛ እንገምታለን።

«የሚሸጠው ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል?» ተብለንም ተጠይቀናል። ሳይጠየቅ የማይቀር ጥያቄ ነው፤ ተደብቆ ሐሜት ከሚሆንም እንዲህ በግልጽ መነሣቱ ይሻላል። የራሱን ለቆራሌው የሚሸጥ ቤት መብቱ ነው። ለጋሪ ሠራተኞች የሚሰጥ ደግሞ ገንዘቡ ለእነሱ ይሁን ብለን ሐሳብ እናቀርባለን፤ ለጓንትና ለጫማ ይሆናቸዋል። በማኅበሩ በኩል የሚሸጥ ነገር ካለ ኪሎውና ዋጋው በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

«ጊዜ የለንም» የሚሉም አሉ። ይኸን ያሉን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። በየቤቱ ስናይ የሚለዩት እናቶች፣ የቤት ሠራተኞችና ልጆች ናቸው። አባወራው ውሃውን ጠጥቶ ሃይላንዱን በመስኮት ይወረውራል፤ ጺሙን ላጭቶ ምላጩን ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ይሰካል። የጋሪ ሠራተኛዋን እጅ የቆረጠው ምላጭ የሴት ምላጭ አልነበረም። የቤት ሠራተኛዋም ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ በቁጣ ነግረናት ይገባታል ብለን አንጠብቅ። አጠገቧ ቆመን እናሳያት፤ እኛም በተግባር እናድርገው።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራው ማወቅም ይጠቅማል። በጃፓን አገር ካሚካትሱ የምትባል በተራራ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ አይሞሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የሚቃጠልና የሚቀበር ቆሻሻ እንዳይኖረን እንሥራ ብለው ወሰኑ። በየቤቱ የሚዞር የቆሻሻ መኪና የላቸውም፤ ሰው ራሱ ወደ አንድ መሰብሰቢያ ወስዶ ከ40 በላይ በሆነ ዓይነት ይለያል። ከሚወጣው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። የምግብ ትራፊውን ግን ወደ መሰብሰቢያው አያመጡትም፤ በየቤታቸው ያበሰብሱታል። ከአገራችን ብዙ በማትርቀው ሩዋንዳም ፌስታል በፈረንጆች 2008 ተከልክሎ ሕዝቡ በወረቀትና በጨርቅ መያዣ ለምዷል። እነሱ ከ40 በላይ ከለዩ፣ እኛ ሦስት ብንለይ አይከብደንም።

በዕድሜ የገፉት ወላጆቻችን በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ ጀምሮ ብዙ የጽዳት ዘመቻ አይተዋል። ዘመቻ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ይጠረጋል፣ ቦዩ ይከፈታል። ይሁን እንጂ ዘመቻ ከበር ውጭ ይቀራል፤ ማድቤት ውስጥ አይገባም። ዛሬ የምንነጋገርበት ሥራ ደግሞ የዕለት ሥራ ነው፤ ወጥ ሲሠራ ይሠራል፣ ቡና ሲፈላ ይሠራል። ለዚህ ነው በፉጨትና በደወል ልናስኬደው የማንችለው።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተሉትን ሐሳቦች ለውሳኔያችሁ ያቀርባል።

1. ብዙ ቤተሰብ በሚኖርባቸው ግቢዎች ሦስቱ ዕቃዎች በግቢው መካከል እንዲቀመጡ፤ ጥበቃው በሳምንት ተራ እንዲሆን፤ የቤት ባለቤቶችም ከተከራዮቻቸው እኩል ተራ እንዲገቡ።

2. የሚጎዳው ዕቃ በክዳን ጣሳ ካልተለየ በስተቀር የጋሪ ሠራተኞች የዚያን ግቢ ቆሻሻ ያለማንሣት መብት እንዲኖራቸው፤ ማኅበሩም ከእነሱ ጎን እንዲቆም።

3. ልጣጭና አመድ የሚሰጡና የሚቀበሉ ቤቶች እንዲጣመሩ፤ ማን ለማን እንደሚሰጥ በቃል ሳይሆን በመዝገብ እንዲያዝ።

4. ከየቤቱ አንድ ዘንቢል ለገበያ እንዲወጣ። ለድግስ፣ ለተስካርና ለእድር ዕቃ ስንገዛም ማኅበሩ ራሱ ያለ ፌስታል በመግዛት ምሳሌ እንዲሆን።

5. ኮሚቴው በየሁለት ወሩ ቤት ለቤት እየዞረ ያየውን በዚህ ሰሌዳ እንዲያስታውቅ።

ከአምስቱ ሁሉ በሁለተኛው ላይ በደንብ እንድታስቡበት እንለምናለን። ጋሪው አንድ ወር ቢቀር ሰፈራችን ምን እንደሚመስል ሁላችንም መገመት እንችላለን። ያንን ጋሪ የሚገፉት እጆች የተማመኑት በእኛ ነው፤ ማዳበሪያውን ሲያነሡ ውስጡን አያዩትም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ በጥቂት ሴቶች ትከሻ ላይ ሲወድቅ ሸክም ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሦስት ዕቃ ሲይዝ ግን የአንድ ባልዲ ያህል ነው። አሁን መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው። ያልታየን ነገር ካለ አመላክቱን፤ የማትስማሙበትንም በግልጽ ተናገሩ፤ ከዚያ እጅ አውጥተን እንወስናለን።



የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት

ማሳሰቢያ፦ ከላይ የተጻፉት አምስቱም ሐሳቦች በስብሰባው ላይ በእጅ ብልጫ ድምፅ ጸድቀዋል። በመጀመሪያው ሐሳብ ላይ አንዲት እናት ባቀረቡት መሠረት፣ ተራ የሚጠብቀው ከየቤቱ አባወራውም እንዲሆን ተጨምሯል። ልጣጭና አመድ ለመስጠት ወይም ለመቀበል የምትፈልጉ ቤቶች እሑድ ጠዋት በጽሕፈት ቤቱ ቀርባችሁ ተመዝገቡ።